እናቴ ጣፋጭ ወዳ አታውቅም ነበር

በኢንተርኔት መድረኩ ላይ ያንን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ነበር፣ ስምንት ሰዓት ገደማ። እናቴን ወጥ ቤት ውስጥ በጨለማ ቆማ ማር በማንኪያ ስትበላ አገኘኋት። ስታየኝ አልደነገጠችም። እራት ስላልተሰጣት እንደራባት ነገረችኝ። እራት የበላነው አብረን ነው። ሳህኗን ያጠብኩት ራሴ ነኝ።

አስተኝቻት ስልኬን ከፈትኩ። ወላጆቻቸውን የሚያስታምሙ ሰዎች የሚወያዩበት አንድ መድረክ ላይ ከተመዘገብኩ ወራት አልፈዋል፤ ግን ከማንበብ በቀር ጽፌ አላውቅም ነበር። ያን ሌሊት ጻፍኩ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሻይ ያለ ስኳር የጠጣች ሴት ናት። አሁን ለአንድ ብርጭቆ አምስት ማንኪያ ትጨምራለች። ሥጋ አፏ ውስጥ ታዟዙርና ትተፋዋለች። ከሳህኗ ግማሹን ትታ ትነሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ምግብ ያቀረበላት እንደሌለ ለጎረቤት ታወራለች። ባለፈው ሳምንት ወተት አርሮ ቤቱን ጭስ ሲሞላው አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ምንም አልሸተታትም። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፦ ይህ እርጅና ነው ወይስ ሌላ ነገር?

መልሱ እስከ 41 ደረሰ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አላመጣውም። ብዙዎቹ የጻፉት የቤታቸውን ጉድ ነው። የሆነውን ግን በቁጥሩ እነግራችኋለሁ።

1ኛው መልስ ሲነጋጋ ነው የገባው። ደግ ሰው ነው። አይዞሽ ብሎ ጀመረና ኪሎዋ ቀንሶ እንደሆነ ጠየቀኝ። መመዘን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ቁጥር 2 ሦስት መስመር ብቻ ጻፈ። ሰው ሲጃጅ ምላሱ ይደነዝዛል፣ እንደ ሕፃን ጣፋጭ ያምረዋል፣ ለሁሉ ነገር የበሽታ ስም መፈለግ የዘመኑ ልማድ ሆኗል የሚል ነው ሐሳቡ። ብዙ ላይክ አገኘ። አንዱ የእኔ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ሳነበው ቅልል አለኝ። መስማት የፈለግኩት እሱን ነበር።

ቁጥር 3 ነው እፎይታዬን ያበላሸው፣ ያውም በትሕትና። መጀመሪያ ለቁጥር 2 ድርሻውን ሰጠው፤ ዕድሜ ሲገፋ የማሽተትም የመቅመስም ችሎታ እንደሚቀንስ አመነለት። ነገር ግን ይህ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። የ70 ዓመት ምርጫ በወራት ውስጥ ሲገለበጥ፣ በዚያ ላይ የበሉትን መርሳት ሲጨመርበት፣ ዕድሜ ነው ብሎ ማለፍ እንደማያዋጣ ጻፈ።

ቁጥር 4 ንጹሕ ማር ከተበረዘው እንዴት እንደሚለይ አስተምሮን ሄደ። ማንም ምንም አላለውም።

ቁጥር 5 ነርስ ናት። ከአረጋውያን ጋር ለረጅም ዓመታት ሠርታለች። የክሩን ረጅሙን መልስ የጻፈችው እሷ ስትሆን እኔም ሦስቴ አንብቤዋለሁ። እንደ ገለጻዋ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ገና ሲጀምር ከሚነካቸው የአንጎል ክፍሎች መካከል አዲስ ትዝታ የሚመዘግቡትና ሽታን የሚለዩት ይገኙበታል። የምግብ ጣዕም የምንለው ደግሞ አብዛኛው ሽታ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ምግብ ሁሉ ወረቀት ወረቀት የሚለን ለዚህ ነው። ሽታው ሲጠፋ ምላስ ብቻዋን የምታውቀው ይቀራል፤ ከዚያም ውስጥ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚቆየው ጣፋጩ ነው። እናቴ ስኳር ስለወደደች ሳይሆን ሌላው ምግብ ዝም ስላላት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በልታ አልበላሁም ማለቷም ውሸት አይደለም። ምሳው ሆዷ ገብቷል፣ ትዝታው ግን አልተመዘገበም።

እዚያው ላይ አንድ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። በአልዛይመር ኪሎ መቀነስ አንዳንዴ የበሽታው ስም ከመታወቁ በፊት ይጀምራል። ስለዚህ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ መዝኚ አለችኝ። በአንድ ወር ከመቶ 5፣ ወይም በስድስት ወር ከመቶ 10 ከቀነሰች ሐኪም ጋ ለመሄድ ቀን አትቁጠሪ ነው ነገሩ።

በዚያው ቀን መዘንኳት። 56 ኪሎ። ከአምስት ወር በፊት ለግፊቷ ክትትል ስንሄድ ካርዷ ላይ የተጻፈው 61 ነበር። ከመቶ 8 ማለት ነው። ያን ሁሉ ስኳር እየበላች ከስታለች፤ ሰፊ ቀሚስ ስለምትለብስ ዓይኔ እያየ አላየሁም። ይህን ቁጥር 6 አድርጌ ለጠፍኩት።

ቁጥር 7 ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሌላ ዓይነት ታሪክ ነው። ሰውዬው የሚያስታምመው ሚስቱን ነው። ሲጀምራት 58 ዓመቷ ነበር። ቀጠሮ አትረሳም፣ መንገድ አይጠፋትም። ግን እንግዳ ፊት ከሰው ሳህን ላይ እያነሳች መብላት ጀመረች። የመጀመሪያውን ሳትውጥ ሌላ ትጎርሳለች። በየቀኑ ያንኑ አንድ ዓይነት ብስኩት ካላገኘች ቤቱ ይታመሳል። ልብሷ ሁሉ ጠበባት። መጀመሪያ ድብርት ነው ተባለ። ቀጥሎ የትዳር ጭቅጭቅ ያመጣው ነው ተባለ፤ እሱም ራሱን ሲወቅስ ከረመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ፍሮንቶቴምፖራል የሚባለው የመርሳት በሽታ ዓይነት መሆኑ የተነገረው። የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍሎች የሚያጠቃ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። አርኖልድ ፒክ የተባለው የፕራግ ሐኪም ተመሳሳይ ሕመምተኛ በ1892 በጽሑፍ ገልጿል፤ አሎይስ አልዛይመር የራሱን ግኝት ካቀረበበት ከ1906 ቀድሞ ማለት ነው። የአመጋገብ ለውጥ እዚህ በሽታ ላይ የጎን ወሬ አይደለም። ሐኪሞች በሽታውን ለመለየት ከሚቆጥሯቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ሰውዬው በመጨረሻ ለቁጥር 2 አንድ ጥያቄ አቀረበለት፦ 58 ዓመት ከመቼ ወዲህ ነው መጃጃት የሆነው?

8ኛው አመስግኖ አለፈ።

ቁጥር 2 ይህን እንዴት ዝም ብሎ ያልፈዋል! በ9ኛው ተመለሰ። አንዲት የተጨነቀች ልጅ በፈረንጅ ስም እያስፈራራችኋት ነው አለ። አባቱ እስከ 90 ዓመታቸው ስኳር በጭልፋ እንደበሉና አንድም ቀን ስም እንዳልጠፋባቸው ጨመረ። 10ኛው የአንድ ሰው አባት ለዓለም ማስረጃ እንደማይሆን መለሰለት፤ አመላለሱ ግን ለዛ አልነበረውም። 11 እና 12 ስድድብ ናቸው። በ13ኛው አድሚን ገብቶ ሁለቱንም ገሠጸና ወደ ጉዳዩ መለሰን።

14ኛው ፋርማሲስት ነው። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው ብል ቁጥር 5 ትቀየመኝ ይሆን? የመርሳት በሽታ ነው ከማለታችሁ በፊት የሚድነውን ነገር ፈትሹ ነው ያለው። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት አድርጌ ለሐኪም እንድወስድ መከረኝ። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን የምግብ ፍላጎት ሊቀንስ፣ በረጅም ጊዜም ቪታሚን ቢ12 ሊያጎድል ይችላል። ለመርሳት በሽታ ራሱ የሚታዘዙት ዶኔፔዚልና ሪቫስቲግሚን ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ሊያመጡ ይችላሉ። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ የሆድ ድርቀት፣ የአፍ ቁስል፣ የማይገጥም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሁሉም የሚፈተሹ ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ለብቻው አስቀመጠ። ለውጡ በወራት ሳይሆን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ ሰውየውም ከተደነጋገረ፣ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ አጣዳፊ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ተነሳሁ። እናቴን አፏን ክፈቺ አልኳት። የታችኛው ጥርሷ ድዷን ፈግፍጎ አቁስሎታል። ሥጋውን የምትተፋው ለካ አሟት ነው። ኪሎ ስትቀንስ ድዷም ሳስቶ ጥርሱ እየላላ ይሆናል። ምን ያህል ጊዜ ቆይቶ ይሆን? በ15ኛው ይህን ጻፍኩ፤ አፍሬ ነው የጻፍኩት። አሞኛል ማለት የማትችል እናት አፍ ውስጥ ማየት ሐኪም አያስፈልገውም ነበር።

በ16ኛው የመጣችው ሴት ስለ አማቷ ነው የጻፈችው። አማቷ ሩዝ ላይ ትንኝ ይታየኛል ይላሉ፣ ምግቤ ውስጥ መርዝ አድርጋብኛለች ብለው ለልጃቸው ይከሷታል። ቤተሰቡ ተከፋፍሏል። ብዙዎች አጽናኗት። 17ኛው ግን ከማጽናናት አልፎ ሄደ። የሌለ ነገር ማየት በተለይ ሌዊ ቦዲ በሚባለው የመርሳት በሽታ ጎልቶ እንደሚታይ ነገራትና መላ ሰጣት። ትንኝ የለም ብሎ መከራከር አይጠቅምም። ያየ ሰው አይቷል። አብሮ ተቀምጦ ከዚያው ምግብ ቀድሞ መቅመስ ይሻላል። ነጠብጣብና አበባ የተሣለበት ሳህንም ይወገድ፤ ሥዕሉ ራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሊመስላቸው ይችላል።

ሳህን መነሳቱ ክሩን አቅጣጫ አሳተው። ቁጥር 18 ቀይ ሳህን የምግብ ፍላጎት እንደሚከፍት በሳይንስ ተረጋግጧል ብሎ በድፍረት ጻፈ። 19ኛው አረመው፣ ጥሩም አድርጎ ነው ያረመው። በ2004 የታተመ የቦስተን ጥናት አለ። የገፋ አልዛይመር ያለባቸው ሰዎች ከነጭ ዕቃ ወደ ደማቅ ቀይ ሳህንና ኩባያ ሲዛወሩ የሚበሉት ከመቶ 25፣ የሚጠጡት ደግሞ ከመቶ 84 ጨመረ። ነገር ግን የተጠኑት ዘጠኝ ወንዶች ብቻ ናቸው። ደማቅ ሰማያዊም ሠርቷል፤ ፈዛዛ ቀለም ግን አልሠራም። ስለዚህ ምሥጢሩ ቀይ መሆኑ ሳይሆን ምግቡ ከሳህኑ፣ ሳህኑም ከጠረጴዛው ተለይቶ መታየቱ ነው። ነጭ ሩዝ በነጭ ሳህን፣ በነጭ ጨርቅ ላይ ስታስቡት ነገሩ ይገባችኋል። እናቴ ግማሹን ትታ የምትነሳው ግማሹ ስላልታያት ቢሆንስ?

ከ20 እስከ 23 የሳህን ወሬ ነው። ፕላስቲክ ይሻላል ወይስ ብረት፣ የልጅ ልጆች ስንት ሰበሩ፣ እንዲህ ያለ። ሳቅንበት። ደግሞ ሳቁ ያስፈልገን ነበር፣ ምክንያቱም 24ኛው መጣ።

ሰውዬው የስኳርና የዳቦ ቁም ሣጥኑን በቁልፍ እንደሚዘጋ ጻፈ። እናቱ የስኳር በሽታ አለባቸው። እሱ ሥራ ሲውል ያገኙትን ጣፋጭ ሁሉ ይጨርሳሉ። አንድ ጊዜ ቁልፉን ሲያጡ የልብስ ሳሙና ቀምሰው አገኛቸው። 25ኛው በትዕግሥት መለሰለት። የሚበላውንና የማይበላውን መለየት የሚጠፋባቸው ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ከስኳሩ በፊት የሚቆለፈው ሳሙናው፣ በረኪናውና መድኃኒቱ ነው። 26ኛዋ ግን እሳት ሆና መጣች። እናት ላይ ምግብ መቆለፍ ግፍ ነው፣ አንተም ነገ ይቆለፍብሃል የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፈች። ከዚያም የከፋ ቃል ነበረበት።

ሰውዬው በአንድ አጭር መልስ ብቻ ተመለሰ፤ 27ኛው እሱ ነው። ብቻውን እንደሆነ፣ ወንድም እህት እንደሌለው፣ ካልሠራ የሁለቱም ጉሮሮ እንደሚዘጋ ጻፈና የተሻለ ዘዴ ያላት ካለች ቤቱ ክፍት መሆኑን ነገራት። ለግማሽ ቀን ማንም ምንም አልጻፈም። እኔም አልጻፍኩም፤ ዛሬም ይቆጨኛል። 26ኛዋ የተናገረችው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነው አልልም። ግን ከሩቅ ሆኖ ሰው ቤት ቁልፍ ላይ መፍረድ ቀላል ነው።

ዝምታውን የሰበረችው ያችው ነርስ ናት፣ በ28ኛው። ሁለቱንም አልወቀሰችም። ከመቆለፍ ይልቅ ከዓይን ማራቅ እንደሚሻል፣ ትልቁ ዕቃ ተነስቶ በምትኩ የተከተፈ ፍራፍሬ በትንሽ ሳህን ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ቢቀመጥ እጅ ወደዚያ እንደሚሄድ ጻፈች። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ጉዳይ ከሐኪሙ ጋር የሚመከርበት ነው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ እናትሽ ስኳር በሽታ ከሌለባትና እየከሳች ከሆነ ከማሩ ጋር ጦርነት አትግጠሚ አለችኝ። ጣፋጩን ምግቡ ውስጥ አስገቢው። ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ሾርባው ላይ ትንሽ ማር ጠብ ቢል ማን ይከስሻል? ዋናውን ምግብም ወደ ጠዋት አምጪው፤ ብዙዎቹ ቀልባቸው የሚሰበሰበው ያኔ ነው፣ ሲመሻሽ ይረበሻሉ።

29ኛው አያቱ ውኃ ሲጠጡ ትን እንደሚላቸው በጨረፍታ ጠቅሶ ወደ ሌላ ነገር ሊያልፍ ነበር። 30ኛው አላሳለፈውም። በመጠጥ ትን ማለት፣ ከበሉ በኋላ ድምፅ መሻከር ወይም እንደረጠበ መሆን፣ ምግብ ጉንጭ ውስጥ አቁሮ መያዝ፣ የሳንባ ምች መደጋገም፣ እነዚህ የመዋጥ ችግር ምልክቶች ናቸው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መብላት፣ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት፣ ከተበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አለመተኛት። የመዋጥ ምርመራ የሚያደርግ ባለሙያ ሳያይ ግን መጠጡን ትን እንዳይላቸው ብሎ በራስ ፈቃድ ማወፈር እንደማይገባ አጥብቆ አሳሰበ።

31ኛው ላይ ክሩ ሌላ ክር ሆነ። አንዲት ልጅ አያቷ የመጨረሻው ደረጃ ላይ እንደሆኑ፣ አፋቸውን መክፈት እንዳቆሙና ቤተሰቡ ሆዳቸው ላይ የምግብ ቱቦ ይግባ አይግባ በሚል እንደተጣላ ጻፈች። 32ኛው የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በ2014 ያወጣውን አቋም አመጣ። በገፋ የመርሳት በሽታ ቱቦ እንደማይመከር፣ ዕድሜ ማርዘሙም የሳንባ ምች መከላከሉም እንዳልታየ፣ በምትኩ በእጅ፣ በትዕግሥት፣ የሚቀበሉትን ያህል ማጉረስ እንደሚመከር ያስረዳል። 33ኛው ተቆጣ። ታዲያ በረሃብ ይሙቱ ነው የምትሉት? 34ኛው አልተቆጣም። የእናቱን የመጨረሻ ሳምንታት ነው የተረከው። በማንኪያ ጫፍ ውኃ፣ ከንፈር ማራስ፣ ካልፈለጉ መተው። በዚያ ሰዓት የራበው የእናቱ ሆድ ሳይሆን የእሱ ልብ እንደነበር ጻፈ። እኔ እዚህ ላይ ስልኬን ዘግቼ ወጣሁ። ልጅቷ ምን እንደወሰኑ አልነገረችንም። ማንም አልጠየቃትም።

35 እና 36 በስልክ ብቻ ምክር ስለሚሰጡ ወንድሞችና እህቶች ነው። እሱን ብጽፈው ቤተሰቤ ያነበዋል፤ ይለፈኝ።

በ37ኛው የሐኪም ቤቱን ውጤት ይዤ ተመለስኩ። ሐኪሟ ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ መቼ ጀመራት የሚለውን ነው። እኔም ለመድረኩ ስጽፍ የሰበሰብኩትን ወረቀት አወጣሁ፤ ቀን፣ የበላችው፣ የተፋችው፣ ኪሎዋ። ወረቀቱን ይዛ ብዙ ጠየቀችን። ደም ተመረመረ፣ ቢ12 ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ መርፌ ተጀመረ። ሰው ሠራሽ ጥርሷ እንደገና ሊሠራ ነው። የማስታወስ መመዘኛው ላይ ከ30 ያገኘችው 19 ነው። አልዛይመር ሊሆን እንደሚችል፣ ነገር ግን ቢ12 ከተስተካከለ በኋላ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንደምታያት ነገረችን። እስከዚያ ስም አልሰጠችውም። ድዷ ከዳነ ወዲህ ሥጋ በደቃቁ ተከትፎ ሲቀርብላት ትበላለች። ሳህኑን ደማቅ ሰማያዊ አድርጌዋለሁ። የማን ሳህን ነው ብላ ሁለት ቀን ጠየቀችኝ፣ በሦስተኛው ተወችው። 57 ኪሎ ሆናለች።

በ38 እና በ39 ደስታቸውን ገለጹልኝ። ቁጥር 2 ምንም አልጻፈም፤ ላይክ ግን አደረገ። 40ኛዋ ነርሷ ናት፣ አንድ ኪሎ የጨመረችው በዚያው ሚዛን ነው ወይስ በሌላ ሚዛን ብላ ጠየቀችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቁም ሣጥን የሚቆልፈው ቁጥር 24 ከ27ኛው መልሱ ወዲህ አልታየም።

41ኛው ትናንት ማታ ገባ። አዲስ ሰው ነው፤ ርዕሱን ብቻ አንብቦ መሆን አለበት። ሽማግሌ ሁሉ ጣፋጭ ይወዳል፣ ማሩን ደብቁት ብሎ በአንድ መስመር ገላገለን። ልመልስለት ጀምሬ ነበር፤ ከቁጥር 5 ጀምረህ አንብብ እስከሚለው ደርሼ እናቴ ከወጥ ቤት ጠራችኝ። ማንኪያው ጠፍቷታል። እጇ ላይ ነበር።